ወደ ኤስቶኒያ ለሚሄዱት ወንድሜ፦ ያ ካርድ ቪዛ አይደለም

ወንድሜ፣ «በታኅሣሥ ለሥራ ስብሰባ ወደ ኤስቶኒያ ዋና ከተማ ወደ ታሊን ልሄድ ነው፤ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ የኢ-ሬዚደንሲ ካርድ ካወጣህ ቪዛ አያስፈልግህም ብሎኛል፤ ስለ አገሩስ ምን ማወቅ አለብኝ?» ብለው ለጠየቁት፣ በዚያው መንገድ ያለፍሁ ስለሆንሁ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፣ ለዚያ ሰው አንድ ብር እንዳይከፍሉ። ኤስቶኒያ ይህን ካርድ መስጠት የጀመረችው በ2014 ሲሆን፣ የውጭ አገር ሰው ባለበት ሆኖ ኩባንያ እንዲያስመዘግብና ሰነድ በዲጂታል ፊርማ እንዲፈርም ታስቦ የወጣ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ድንበርም አያሻግርም፤ ፎቶግራፍ እንኳ ስለሌለበት ለመታወቂያነት አይቀርብም። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ለእኔም ይህንኑ ነግሮኝ፣ «ማስፈጸሚያ» በሚል ከመንግሥቱ ክፍያ እጥፍ በላይ ከተቀበለኝ በኋላ፣ ካርዱን «እኛው ተረክበን እናመጣልሃለን» አለኝ። ካርዱ ግን ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ አሻራ ካልሰጠ በቀር ለማንም አይሰጥም። መመሪያውን አንብቤ ይህን ስጠይቅ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ካወቅህ ታዲያ ለምን መጣህ?» አለችኝ። ገንዘቡም በዚያው ቀረ። ማመልከቻው በኢንተርኔት በቀጥታ የሚሞላ ስለሆነ፣ እኔው ራሴ ሞልቼ፣ መረከቢያዬን ታሊን አድርጌ፣ በሸንገን ቪዛ (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ላስቀሩ የአውሮፓ አገሮች በሚያገለግለው የጋራ ቪዛ) ሄጄ ካርዱን በእጄ ተቀብያለሁ፤ ያ ቢሮ እስካሁን ያንኑ ወሬ እየሸጠ እንደሆነ እሰማለሁ።

ሁለተኛ፣ ቪዛው። ኤስቶኒያ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በሸንገን ክልል ውስጥ ናት። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ቢሆንም ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊጎተት ስለሚችል በገደቡ አይተማመኑ። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሸንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራ መሆን አለበት። እነዚያው ሰዎች «ቀላል ወደሆነው ኤምባሲ እናስገባልህ» ሲሉኝ ነበር፤ ደንቡ ግን ማመልከቻው ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆዩበት አገር እንዲቀርብ ያዛል። ያ አገር በሚያመለክቱበት ከተማ ቆንስላ ከሌለው ሌላ የሸንገን አባል ሊወክለው ስለሚችል፣ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ወኪሉ ማን እንደሆነ ከዚያው አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ያጣሩ። ቪዛዎ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ሩሲያን ልይ ብለው በድንበር ከተማዋ በናርቫ ድልድይ አይሻገሩ፤ መመለሻ የለዎትም። በመርከብ ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቀው ሄልሲንኪ ግን በዚያው ክልል ውስጥ ስለሆነች በዚሁ ቪዛ ደርሰው መመለስ ይችላሉ።

ስለ አገሩ ብዙ አልልም። ሕዝቡ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ያንሳል፤ መገበያያው ከ2011 ጀምሮ ዩሮ ነው። ቋንቋቸው ለፊንላንድ ቋንቋ የቀረበ እንጂ የሩሲያ ዘመድ አይደለም። ምንም እንኳ ከሕዝቡ ሩብ ያህሉ የአፍ መፍቻው ሩሲያኛ ቢሆንም፣ በ1940 በሶቪየት ጦር ተይዞ ነጻነቱን በ1991 ያስመለሰን ሕዝብ «እናንተ ሩሲያውያን» ማለት ስብሰባዎን ገና ሳይጀመር ያበላሽብዎታል። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሐኒባል ከ1742 እስከ 1752 በዚያን ጊዜ ሬቫል ትባል የነበረችው የታሊን አዛዥ እንደነበረ ግን ያንሡላቸው፤ እኛ ኢትዮጵያዊ ነው እንላለን፣ ትውልዱን ከካሜሩን አካባቢ የሚያደርጉም አሉ፤ ያም ሆነ ይህ ጥሩ የጨዋታ መክፈቻ ነው።

በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በጨለማ የሚሄድ እግረኛ ልብሱ ላይ አንጸባራቂ እንዲያደርግ ሕጉ ያስገድዳል፤ ከየሱቁ በርካሽ ይገዛል። የአሮጌው ከተማ የድንጋይ ንጣፍ በረዶ ሲይዘው ስለሚያንሸራትት የቆዳ ጫማዎን ለስብሰባው አዳራሽ ያቆዩት። የከተማው አውቶቡስ ነጻ ነው ሲባል ቢሰሙም፣ ነጻ የሆነው ከ2013 ጀምሮ ለተመዘገቡ የታሊን ነዋሪዎች ነው፤ እንግዳ ሲገባ በባንክ ካርዱ ይከፍላል፤ የኢ-ሬዚደንሲ ካርድም ነዋሪ አያደርግዎትም።

ከአዲስ አበባ ታሊን ድረስ ቀጥታ በረራ ስለሌለ፣ የድንበር ፍተሻው የሚደረገው መጀመሪያ በሚያርፉበት የሸንገን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የግብዣ ደብዳቤውን፣ የሆቴሉን ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬቱንና መድኑን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅዎ ይያዙ።