የሄሊኮፕተሩ ሞተር ደህና ሆኖ ለምን ጉልበቱን እየቀነሱ ይለማመዳሉ?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ውጭ አገር የሄሊኮፕተር አብራሪነት እየተማረ ነው። በቅርቡ አብሮት የሚማር ልጅ ከአሰልጣኙ ጋር «ሞተር ጠፋ» ብለው የአደጋ ጊዜ ማረፍ ሲለማመዱ ሄሊኮፕተሯ መሬት ላይ ተገለበጠች። ሁለቱም ተጎድተው ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። እናታችን «ሞተሩ ከጠፋ ዱብ ማለት ነው፣ ምኑን ይለማመዱታል? ትቶት ይምጣ» ትላለች። እኔም ግራ ገባኝ። ደህና ሞተር ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት ምን ይባላል? ተው ልበለው?
ከአጂፕ ሰፈር፣ ጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ የተጎዱትን ፈጣሪ ይማራቸው። መጀመሪያ የእናትሽን ነገር እንያዝ። ሞተሩ የጠፋ ሄሊኮፕተር ዱብ አይልም፣ አብራሪው የሚያደርገውን ካወቀ ማለቴ ነው። በግራ እጁ የያዘውን ኮሌክቲቭ የሚባል ዘንግ ወዲያው ወደ ታች ካወረደው፣ ሄሊኮፕተሯ ስትወርድ ከሥር የሚመጣው አየር የላዩን ክንፍ እያሽከረከረ ያቆየዋል። አውቶሮቴሽን ይሉታል። መውረዱ ፈጣን ነው፤ ግን መሪው በእጁ ነው። ፈረንሳዊው አብራሪ ዣን ቡሌ በ1972 እ.ኤ.አ. ላማ በምትባል ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ድረስ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። እዚያ ላይ ሞተሩ ጠፋበት። ያን ሁሉ መንገድ ያለ ሞተር ወርዶ በሰላም አረፈ። ይሄን ለእናትሽ ንገሪያት።

ችግሩ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ መጀመሪያው ነው። እንደ ሮቢንሰን አር22 ያሉ ትንንሽ ማሰልጠኛዎች ክንፋቸው ቀላል ስለሆነ ዙሩ ቶሎ ይሞታል፣ ኮሌክቲቩን ለማውረድ ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ብዙም አይዘልም። አሜሪካኖች በ1995 እ.ኤ.አ. ለዚህችና ለታላቋ አር44 ልዩ ሥልጠና ግዴታ ያደረጉት ያለ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው፣ አብዛኛው ጣጣ ያለውም እዚህ ነው። መሬት ሲቃረብ አብራሪው አፍንጫዋን ቀና ያደርጋል። ፍጥነቷ ይሰበራል፣ ክንፉም ትንሽ ተጨማሪ ዙር ያገኛል። ከዚያ ያስተካክላትና ቀስ ብላ እንድታርፍ ኮሌክቲቩን ወደ ላይ ይስባል። ክንፉ ውስጥ ያለው ጉልበት የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ነው። ቀድሞ ከሳበው ገና አየር ላይ እያለ ያልቅበታል። አፍንጫዋን ቀና ማድረጉን ካዘገየ ጅራቷ መሬት ይመታል። ወደ ጎን እየተንሸራተተች እግሯን አፈር ከያዘው ደግሞ ትገለበጣለች። የእነዚያ ልጆች የትኛው እንደሆነ መርማሪ ይናገር፣ እኔ ከደብዳቤ ላይ አልፈርድም።

በልምምድ ጊዜ ሞተሩን አብዛኛውን ጊዜ ጨርሰው አያጠፉትም። ጋዝ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳሉ፣ መሬት ሳይነኩ ደግሞ ጋዝ መልሰው ይነሳሉ። አንዳንዴ ግን ጋዙ በኃይል ሲቀነስ ሞተሩ የእውነት ይጠፋል፣ የውሸቱ አደጋ እውነተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለዚህ ነው የሮቢንሰን ፋብሪካ ራሱ ሳያስጠነቅቁ ድንገት ጋዝ መዝጋት ሊገድል ይችላል ብሎ ለአሰልጣኞች የጻፈው። በዚህ ላይ መሪው ላይ አራት እጅ አለ። ተማሪው አሰልጣኙ ያዘ ብሎ ሲለቅ፣ አሰልጣኙ ተማሪው ያስተካክላል ብሎ ሲጠብቅ፣ ያቺ ሴኮንድ ታልፋለች።

ስለዚህ ተው አትበይው። ይሄን ሳይለማመድ ፈቃድ የሚይዝ አብራሪ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። ይልቅ ስልክ ደውለሽ አፋጥጪው። አሰልጣኙ ጋዝ ከመቀነሱ በፊት ይነግርሃል? «እኔ ይዣለሁ» የሚለው ማነው፣ መቼ ነው? በተለይ ደግሞ ፍጥነቱ፣ የክንፉ ዙር ወይም አቅጣጫው ትንሽ ከተበላሸ በየት ከፍታ ላይ ነው ልምምዱን ሰርዛችሁ ጋዝ መልሳችሁ የምትነሱት? ቁርጥ ያለ ቁጥር ከነገረሽ ደስ ይበልሽ። «እንደ ሁኔታው ነው» ካለሽ ግን እዚያው አሰልጣኙን ሄዶ ይጠይቅ፣ መልስ ካጣም አሰልጣኝ ይቀይር። ቤተሰብ ከፍሎ ሲያስተምር ይሄን መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እናንተ ስላልጠየቃችሁኝ። የሚማረው ባሕር ዳርቻ ላይ ወይም ዝቅ ያለ አገር ከሆነ የለመደው አየር ወፍራም ነው። የጅማው አባ ሰጉድ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። እዚህ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየው መሬቱ ከለመደው በላይ ይሮጥበታል፣ መጨረሻ ላይ ኮሌክቲቩን ሲስብም ክንፉ የሚይዘው አየር ያንሳል። ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ይብሳል። አገር ቤት ገብቶ ሊሠራ ካሰበ፣ የቱንም ያህል ሰዓት ቢበር፣ እዚህ ከፍታ ላይ ከሚያውቅ አሰልጣኝ ጋር እንደገና ሳይለማመድ ብቻውን እንዳይነሳ ከአሁኑ አስምዪው።