ለአያቴ ምጥ ያስተማርኩ ዕለት

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ምሩቅ አዋላጅ ነርስ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ የተመደብኩበት ቀበሌ አሮጊቶች አልሰሙኝ አሉ። ምጥ የያዛትን ሁሉ ቤት ያስቀሯታል። እንዴት አድርጌ ላሳምናቸው?» አለችኝ። እንግዳ መጣብኝ ብዬ ዋሽቼ ስልኩን ዘጋሁት። በ1976 ዓ.ም. ይህንኑ ጥያቄ እኔም ጠይቄ፣ መልሱንም ማንንም ሳላማክር ራሴው ሰጥቼው ነበር።

ስለ ጓንት፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ክትትል ካርድ አልጽፍላችሁም። እሱን በትምህርት ቤት ጠግባችሁታል። የምጽፈው ስለ አያቴ ነው።

እምዬ የመንዝ ሴት ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲገባ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ ነበረች። ለአርበኞች በሌሊት ስንቅ ታቀብል እንደነበር ጎረቤት ያወራል፤ እሷ ግን ስትጠየቅ «ማን ያላደረገ አለ?» ብላ ታልፈዋለች። ስምንት ወልዳ ሦስቱን ቀብራለች። በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ክረምት ክረምት እሳት ዳር ተቀምጣ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ስትፈትል፣ እንዝርቱ በዞረ ቁጥር ከንፈሯም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ይሁን የክሩ ቆጠራ ዛሬም አላወቅሁም። የዚያ ባና ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ጭስና እርጥብ በግ።

ሌሊት ከደጅ የሰው ድምፅ ከተሰማ ሙዳይዋን አንሥታ ትወጣለች። በሙዳዩ ውስጥ ክር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ምላጭና ቅቤ አለ። ገደል ወርዳ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ንጋት ላይ ቀሚሷ ረጥቦ ትመለሳለች። ለዚህ ሥራ አምስት ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም። «ማርያም ናት የምታዋልደው፤ እኔ መብራት ያዥ ነኝ» ትል ነበር።

እኔ ደግሞ 22 ዓመቴ ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሼ ወዳደግሁበት አገር ክሊኒክ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጨቅላዎች በመንጋጋ ቆልፍ ሲሞቱ አየሁ። ሲወለዱ ደህና ነበሩ። በሳምንታቸው ገደማ ጡት መሳብ ያቆማሉ፣ መንጋጋቸው ይቆለፋል፣ ሰውነታቸው እንደ ቀስት ይገተራል። ተህዋሱ ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም እትብት ላይ በሚደረግ ባዕድ ነገር እንደሚገባ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ተናደድኩ። ንዴቴ ልክ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ጠዋት እምዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ሙዳይዋን ከፍቼ ምላጩን ወሰድኩ። ማንም አላዘዘኝም። በሕዝቡ ፊት ቆሜ ስለ በሽታው አስረዳሁ፤ ጥሩ አድርጌም አስረዳሁ። በመጨረሻ ያንን የዛገ ምላጭ ከጨርቁ ፈትቼ ከፍ አደረግሁት። «ልጆቻችሁን የገደለው ይህ ነው» አልኩ። የማን እንደሆነ አልተናገርኩም። መናገርም አላስፈለገኝም፤ ጨርቁ ከአሮጌ ቀሚሷ የተቀደደ ነበር፣ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉ። ሰው ሳቀ። በእሷ የሳቁ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እምዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ተነሣች። «ልክ ብለሻል፣ ልጄ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ማታ እራት አቀረበችልኝ፣ እግሬን አጠበችኝ። ምላጩን አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ዕለት ወዲያ ለምጥ ስትጠራ «ክሊኒክ ውሰዷት» ትላለች። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ለበላይ ሪፖርት ጻፍኩ።

በክረምቱ መድኃኒት ለማምጣት ደብረ ብርሃን ወረድኩ። መንገዱ በጭቃ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ዘገየሁ። በዚያ ሌሊት ከወንዝ ማዶ አንድ ባል መጣ። እምዬ እንደ ወትሮዋ ክሊኒክ ብላ መለሰችው። ሚስቱን በቃሬዛ ተሸክመው መጡ፤ ክሊኒኩ ግን ተቆልፏል። ዘበኛው ሮጦ እምዬን ጠራት። እሷም መጣች፤ ሙዳይዋን ግን አልያዘችም። ልጁ በረንዳው ላይ በሰላም ተወለደ። እንግዴ ልጁ ቀረ። ደም ፈሰሰ። እምዬ የሴትየዋን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ንጋት «ማርያም፣ ማርያም» አለች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም፤ እንዳትዘረጋ የነገርኳት እኔ ነኝ። ማሕፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው መርፌ ከበሩ ወዲያ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ደብረ ብርሃን በእኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

እምዬ እጇን ብትዘረጋ ሴትየዋ ትተርፍ ነበር? በሙያዬ ስመልስ፣ አላውቅም። የቀረ እንግዴ ልጅን በጉልበት መሳብ ራሱ ይገድላል። ይህን ለራሴ ስንት ሌሊት ነግሬዋለሁ።

እምዬ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ወር በገባ በ21 ጧፍ ስታበራ ግን የዚያችን ሴት የክርስትና ስም ትጠራ ነበር፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። ይቅርታ የጠየቅሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ እሱንም በቀጥታ አልነበረም። «ክሊኒክ መጥተሽ አግዥኝ» አልኳት። መጣች። ወገብ ታሻለች፣ ገንፎ ታገነፋለች፣ ፈሪዋን ታባብላለች። ሴቶች ወደ ክሊኒኩ መምጣት የጀመሩት በእኔ ስብከት ሳይሆን እሷ በዚያ ስላለች ነው። አንድ ጊዜ የጽንሱን ልብ ምት በፌቶስኮፕ አዳምጬ አንድ ነው ስል፣ በመዳፏ ሆዱን ዳስሳ «ራሱ ሁለት ነው» አለችኝ። መንታ ነበሩ።

በ2001 ዓ.ም. ዐረፈች። ወደ 90 የሚጠጋት ይመስለኛል፤ የልደቷን ቀን የጻፈ የለም። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቶ ገንፎና ቡና ሲቀርብ አያለሁ። በ1992ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ወሊድ 5ቱ ብቻ ነበሩ በጤና ተቋም የሚፈጸሙት፤ በ2011ዱ 48 ደርሰዋል። ለዚህ ብዙ የደከመ ሰው አለ። የእምዬ ገንፎ በየትኛው ሪፖርት እንደገባ እንጃ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም። ሰው ሲሳሳት ባያችሁ ጊዜ መጀመሪያ ስልካችሁን አውጥታችሁ ትቀርጻላችሁ። ይህን ስጽፍ ግን አፈርኩ። በ1976 ዓ.ም. ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ ያንን ምላጭ አልቀርጸውም ነበር?

ለዚያች ልጅ በማግስቱ መልሼ ደወልኩላት። «ከሁሉም ታላቅ የሆኑት አዋላጅ ማን ናቸው? ቤታቸው ሂጂ» አልኳት። «ምን ልበላቸው?» አለች። «ምንም አትበያቸው፤ ወገብ እንዴት እንደሚታሽ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው» አልኳት። ከሳምንት በኋላ መልእክት ጻፈችልኝ። ሄዳለች፤ ነገር ግን አሮጊቷ ጆሯቸው ፈጽሞ አይሰማም።

እጃቸውስ ብዬ መለስኩላት።