የሜላቶኒን ብልቃጥና የአባባ ልብ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ገሚሱ ስለ እንቅልፍ፣ ገሚሱ ስለ ልብ ነው። አንዷ ሁለቱንም ይዛ መጥታለች፤ ከእሷ ልጀምር።

ከኮምቦልቻ፦ አባቷን ሃርት አታክ ይዟቸው አዲስ አበባ ስቴንት (የተዘጋ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ) ገብቶላቸዋል። አሜሪካ ያለችው እህቷ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ኪኒን ልካለች። «ልብ ይጠብቃል ይባላል፤ የሐኪሙ ኪኒን ደግሞ በዝቶባቸዋል፤ በዚህ ብንተካውስ?»

አይሆንም እህቴ። ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። ሜላቶኒን ሲጨልም አንጎላችን የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። የተዘጋ የልብ ደም ሥር ሲከፈት፣ ተመልሶ የሚገባው ደም ራሱ ጡንቻውን ይጎዳዋል፤ ብዙ ቀን ጦሙን የዋለ ሰው በአንዴ ጠግቦ ሲበላ እንደሚታመመው። ሜላቶኒን በአይጦች ላይ ይህን ጉዳት ቀንሷል። ስፔን ውስጥ 146፣ ዴንማርክ ውስጥ 48 ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን፣ መድኃኒቱን የተወጉት ሰዎች ልብ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት የተሻለ አልተረፈም። ስፔኖቹ ውጤቱን መልሰው ሲያገላብጡት ቶሎ የታከሙት የተጠቀሙ፣ የዘገዩት ደግሞ የባሰባቸው መሰለ። መሰለ እንጂ አልተረጋገጠም።

እኔን የምታንገበግበኝ ይህቺ «ቶሎ» ናት። እኛ ቤት ግን ሌሊት ደረት ሲጨመድድ፣ ግራ እጅ ሲደነዝዝ፣ ላብ ሲያጠምቅ «ጋዝ ነው፤ ጤና አዳም በቡና ስጧቸው፤ ሲነጋ እናያለን» ነው። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ለመውጣት መኪና የሚለመነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ያኔ ብዙው የልብ ጡንቻ ሞቷል፤ የሞተውን ደግሞ የአሜሪካ ብልቃጥም አያስነሳው። ከአባባ ኪኒኖች አንዷ፣ ያቺ ርካሽ አስፒሪን ግን በ1988 እ.ኤ.አ. ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ከልብና ከደም ሥር የሚመጣን ሞት በ23 በመቶ ቀንሳለች።

አባባ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬላቸውን በራሳቸው ካቆሙ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሜላቶኒኑ መድማት ሊያባብስ ይችላል። ኪኒኖቹን በሙሉ፣ ብልቃጡንም ጨምረሽ፣ በፌስታል ይዘሽ ሐኪማቸው ዘንድ ሂጂ። ለሳምንት አታሳድሪው።

ከሰኞ ገበያ ሰፈር፦ «ጫት ከቃምኩ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሜላቶኒን ያዋጣል?»

ጨብሲ (የምርቃና ማብረጃ) በኪኒን ጀመርክ ማለት ነው? ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ይጨምራል፤ አንተ የምትጠይቀኝ ስለ እንቅልፍህ! ጫቱን ቀንስ፣ እንቅልፉ ይመጣል።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ አንድ ጠያቂ አቴኖሎል (የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት) ከጀመሩ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል።

ይሆናል። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ሌሊት የሚመነጨውን ሜላቶኒን ይቀንሳል። በራስዎ አያቋርጡ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

«የልብ ድካምና ሃርት አታክ አንድ ናቸው?»

አይደሉም። ድካም የልብ የመርጨት አቅም መቀነስ ነው፤ ሃርት አታክ የደም ሥር መዘጋት።

«ወተት ውስጥ ሜላቶኒን አለ?»

አለ፣ ኢምንት። ወተቱን ለጣዕሙ ጠጪው።