የልብና የደም ሥር ሕመም ምልክቶች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደረቴን አልፎ አልፎ ያመኛል። ከልብ መሆኑን በምን ልለይ?

መልስ፦ ከልብ የሚነሣ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከውጋት ይልቅ የመጫንና የመጨምደድ ስሜት ያለው ሲሆን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊዛመት ይችላል። ዳገት ሲወጡ ጀምሮ ሲያርፉ በጥቂት ደቂቃዎች የሚተው ከሆነ፣ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበባቸውን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ። በዕረፍት ላይ ሳሉ የመጣ፣ ቢያርፉም አልለቅ ያለ፣ ወይም ቀዝቃዛ ላብና ማቅለሽለሽ የታከለበት ሕመም ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። ደረታቸውን ሳያማቸው ልባቸው ተጎድቷል መባሉ እንዴት ነው?

መልስ፦ የቆየ የስኳር ሕመም ነርቮችን ስለሚጎዳ የልብ ሕመም ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ባሉ ሕሙማን፣ በአረጋውያንና አንዳንዴም በሴቶች ላይ የሚታየው የትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም፣ ወይም «ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ የላይኛው ሆድ ሕመም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የአባቴ አፍ ተጣሞ፣ አንድ እጃቸው ዝሎ፣ አንደበታቸው ተሳስሮ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ተሻላቸው። ሐኪም ማየት አለባቸው?

መልስ፦ አዎ፣ አሁኑኑ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምልክቱ መጥፋቱ ቤተሰብን ያዘናጋልና። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል፤ ዋናው ስትሮክ የመከተል ዕድሉ ከፍ የሚለውም በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ነው። ምልክቱ ተመልሶ ከመጣ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ከዚያ አንሥቶ ባለው 4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። የስትሮኩ መንሥኤ የደም መፍሰስም ሊሆን ስለሚችል፣ አንጎላቸው በምስል ሳይታይ አስፕሪን አይስጧቸው።

ጥያቄ፦ የእግር እብጠትስ?

መልስ፦ ሁለቱም እግሮች አብጠው፣ በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ የልብ መድከም ይጠረጠራል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከታመመና ከሞቀ ደግሞ፣ በውስጡ ደም ረግቶ ሊሆንና ያም ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ነገ ልታይ የሚባል አይደለም።

ጥያቄ፦ የደም ግፊቴ 150/95 ነው፤ ግን ምንም አይሰማኝም።

መልስ፦ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ ምልክት እስኪሰጥ መጠበቅም አይገባም። 5 ደቂቃ ያህል አርፈው፣ ተቀምጠው፣ በተለያዩ ቀናት ይለኩ፤ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።