መልስ፦ ለሚኒ ሚዲያችን የትኛውን ጥቁር አሳሽ እንምረጥ?
ሰላም ወንድሜ። ቡሬ ለምታዘጋጁት የተማሪዎች የሬዲዮ ድራማ «ከተረሱት ጥቁር አሳሾች ማንን እንሥራ?» ላልከው፣ ያለ ማመንታት አሜሪካዊውን ማቲው ሄንሰንን። እ.ኤ.አ. በ1909 ከጉዞው መሪ ከሮበርት ፒሪና ከአራት ኢኑዊቶች (የሰሜኑ በረዷማ ምድር ነባር ሕዝብ) ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ የዘለቀ ነው። (ልክ ዋልታው ላይ ስለመድረሳቸው ዛሬም ክርክር አለ፤ ተራኪያችሁ አይማልበት።) ውሾቹን በመንዳት፣ የኢኑዊቶቹን ቋንቋ በመናገር የሚታወቀው እሱ ነበር፤ ፒሪ የእግር ጣቶቹን አብዛኞቹን ብርድ ጨርሶበታል። ስሙ ግን ለፒሪ ሆነ፤ ሄንሰን ኒውዮርክ ጉምሩክ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ዓመታት ቆጠረ። ድራማውን ከዚያ ጠረጴዛ ጀምሩት፣ በረዶው በትዝታ ይምጣ።

በረዶ ላይ የመራመድ ድምፅ ሻካራ ጨው በመርገጥ ይወጣል። ብርዱን ለማስረዳት አትድከሙ፤ የጮቄን ውርጭ የቀመሰ ጎጃሜ ይገባዋል።

አራቱን ኢኑዊቶች ግን እንዳትዘሏቸው! የአገሬው ሰው ሲረሳ እኛም እናውቀዋለን፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ሲል፣ ከሱ በፊት ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር፤ የአካባቢው የሰከላ ሰውማ ድሮም ጠበሉን ይጠጣል። ስክሪፕቱ ሲያልቅ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።