አይኑን ከፍቶ ይጮሃል፣ እኔን ግን አያየኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለማን እንደሚነገር ግራ ቢገባኝ ነው የጻፍኩት። የ4 አመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ቀን ላይ ምንም የለበትም፣ ተጫዋች ነው። ማታ 3 ሰዓት ይተኛል፣ ከዛ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ድንገት ብድግ ብሎ ይቀመጥና ይጮሃል፣ ጩኸቱ ደሞ የለቅሶ አይደለም፣ የሆነ ነገር የያዘው ነው የሚመስለው። አይኑ ፍጥጥ ብሏል ግን አያየኝም። ማሚ ማሚ እያለ ይጣራል፣ አለሁ እዚሁ ነኝ ስለው ይገፈትረኛል፣ በላብ ይጠመቃል፣ ልቡ ድው ድው ይላል። ባለቤቴ ፊቱን በውሃ አብሺው ቀስቅሺው ይላል፣ ስንቀሰቅሰው ደሞ ይብስበታል። 10 ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆኖ ጥቅልል ብሎ ይተኛል፣ ጠዋት ብጠይቀው ምንም አያውቅም። የጀመረው ኬጂ ከገባ በኋላ ነው፣ ድሮ ቀን ቀን 2 ሰዓት ያህል ይተኛ ነበር አሁን ቀርቷል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ነው የምንቀሰቅሰው። እኔም ስራ የተመለስኩት ያኔ ነው። ጥዬው በመሄዴ ተቀይሞኝ ይሆን? በሳምንት 3 እና 4 ቀን ሆነብን፣ ሲመሽ ፍርሃት ይይዘኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና ከመጨረሻው ልጀምር፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከጩኸቱ በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነውና። አልተቀየመሽም። ሲገፈትርሽም አንቺን እየገፈተረ አይደለም፣ በዛች ሰዓት ማን እንደሆንሽ አያውቅም፣ ምክንያቱም ልጅሽ ተኝቷል። አይኑ ተከፍቶ፣ አፉ እየተናገረ፣ ተቀምጦ፣ ግን ተኝቷል።

እኛ እንዲህ ሲሆን "ይቃዣል" ብለን እናልፈዋለን፣ ሐኪሞች ግን ከመጥፎ ህልም ለይተው ነው የሚያዩት። የጻፍሽው ሁሉ ከሌሊት ድንጋጤ ጋር ይገጥማል። ትንንሽ ልጆች በተኙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንቅልፋቸው እጅግ ጥልቅ ነው፣ ከዛ ጥልቅ እንቅልፍ ወደ ቀለል ያለው ሲሸጋገሩ አንዳንዴ አንጎላቸው ግማሽ በግማሽ ይነቃል፣ የሚደነግጠው ክፍል ይነሳል፣ ሰው የሚለየውና የሚያስታውሰው ክፍል ግን እንደተኛ ይቀራል። ላቡም የልቡ ምትም ከዛ ነው። በተኛ በሰዓት ተኩል የሚመጣውም፣ ጠዋት የማያስታውሰውም ለዚህ ነው። ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ልጁን አይጎዳውም፣ አብዛኞቹ ልጆችም ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ከናንተ ከሁለታችሁ አንዳችሁ በልጅነት በእንቅልፍ ልቡ ይሄድ ወይ እንዲህ ይጮህ እንደነበር ቤተሰብ ጠይቁ፣ በዘር የመሄድ ነገር አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ሰዓቱን እንቁጠረው። ከ3 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት 9 ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 አመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይላል። ልጅሽ ድሮ 11 ያገኝ ነበር፣ ኬጂ ሲገባ 2ቱ ሰዓት በአንድ ጊዜ ተወሰደበት። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ደሞ ገና ከመተኛቱ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፣ ከዛ መውጣቱም ይከብደዋል፣ ድንጋጤው የሚበዛውም ያኔ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የመኝታ ሰዓቱን ነው የምነካው፣ በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ እየቀነስሽ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አድርሺው። አውቃለሁ፣ ከስራ ገብተሽ ከልጅሽ ጋር የምታሳልፊያት ጊዜ እሷው ናት፣ ከሷ ላይ መቀነስ ያማል። ግን የቤቱን ስራ ባለቤትሽ ይያዝልሽና ያቺን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለሱ አድርጊያት፣ ቲቪና ስልክ ተዘግቶ። ትምህርት በሌለበት ቀን ደሞ ቀን ላይ ይተኛ። ከመተኛቱ በፊት ሽንቱን ይሽና፣ የሞላ ፊኛም ይቀሰቅሰዋል።

ሲጀምረው ውሃ የለም፣ መነቅነቅ የለም፣ ደማቅ መብራት የለም። አጠገቡ ቁጭ በይ፣ እንዳይወድቅና ከነገር እንዳይጋጭ ብቻ ጠብቂው፣ ካወራሽም ቀስ ብለሽ አንድ ሁለት ቃል። እቅፍ አድርጎ መያዝ ያባብሰዋል። ተነስቶ የሚሄድ ከሆነ የውጭ በር ይቆለፍ፣ ከፍ ያለ አልጋ ላይም አይተኛ።

ጠዋት ደሞ አትጠይቂው። ይሄን የምለው የራሴ ሁለተኛዋ ልጅ እንዲህ ትሆን ስለነበረ ነው፣ እኔ በየጠዋቱ ማታ ምን አይተሽ ነው እያልኩ ስጠይቃት ሌሊት የሆነ ክፉ ነገር እንደሚመጣ አመነችና መኝታ ቤት መግባት መፍራት ጀመረች፣ የሌለባትን ፍርሃት እኔ ሰጠኋት፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የመኝታ ሰዓቱ ተስተካክሎም ካልቀነሰ ለአንድ ሳምንት የሚጮህበትን ሰዓት ጻፊ። ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት አካባቢ ከሆነ ከዛ 15 ወይ 20 ደቂቃ ቀድመሽ ትንሽ ነቃ እስኪል ቀስ ብለሽ ነካክተሽ መልሰሽ አስተኚው፣ ለ3 ሳምንት ያህል በየቀኑ። ብዙ ልጅ ላይ ይሰራል።

ሐኪም ጋር የምትሄጂው ሰውነቱ ግትር ካለ ወይም እየተደጋገመ ከተንቀጠቀጠ፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከመጣበት፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ቀንም እንደዛ ካደረገው፣ ወይ ደሞ በጣም እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ነው። ያኔ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጺና ይዘሽ ሂጂ፣ ለዶክተሩ ከመቶ ቃል በላይ ይነግረዋል።

ጥያቄ፦ የ5 አመት ልጄ ሊነጋጋ ሲል 10 ሰዓት አካባቢ እያለቀሰች ትነሳለች፣ ጭራቅ አየሁ ትላለች፣ ጭራቅ የሚባል ነገር የለም ብላትም አታምነኝም፣ ተመልሳ አትተኛም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተዋ ከላይ ካለው ልጅ ትለያለች፣ እሷ ነቅታለች፣ ያየችውንም ታስታውሳለች፣ ሰዓቱም ህልም የሚበዛበት የሌሊቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ይቺን እቀፋት፣ አውራት። አለ የለም የሚለውን ክርክር ተወው፣ ፍርሃቷ እውነት ነው፣ በጣም ፈራሽ አይደል፣ አባ አለሁ በላት። እስክትረጋጋ አልጋዋ ጋር ቁጭ በል፣ ደብዘዝ ያለ መብራትም ተውላት፣ ማታ ማታ ቲቪና ስልክ ላይ ምን እንደምታይም ተመልከት። ቀን ላይ ወረቀትና ከለር ስጣትና ህልሙን ትሳለው፣ ጭራቁን መጨረሻ ላይ ምን እንደምታደርገው እሷ ትወስን።