ያገለገለ የቲታኒየም የብስክሌት ፍሬም ስንት ያወጣል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ አንድ ሰው የሊትስፒድ (የአሜሪካ የቲታኒየም ብስክሌት አምራች) ፍሬም ይዞ «አዲሱን በ3 ሺህ ዶላር ነው የገዛሁት፣ በግማሹ ውሰደው» አለኝ። ያዋጣል?

መልስ፦ እሱ የገዛበት ዋጋ የራሱ ጉዳይ ነው። አንተ የምትነሣው አቻው አዲስ ፍሬም ዛሬ ከሚሸጥበት ነው። እኔ የማሰላው እንዲህ ነው፦ ዲስክ ፍሬን የሚቀበል፣ የኋላ ጎማው የሚገባበት ስፋት 142 ሚሊ ሜትር ሆኖ 12 ሚሊ ወፍራም አክስል የሚገባበት ንጹሕ ፍሬም ከአዲሱ ከ50 እስከ 60 በመቶ። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ፣ ኋላው 130 ሚሊ የሆነ ከ30 እስከ 40። የፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) አንገት 1 ኢንች የሆነ የቆየ ፍሬም 20 በመቶ ካወጣም ብዙ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ፎርክ እዚህ ከየት ይመጣል?

እንበልና አቻው አዲስ 2,000 ዶላር ነው፤ ያንተ የቸርኬ ፍሬን ነው። 35 በመቶው 700 ይሆናል። የአንገቱ ኩሽኔታ ካለቀ 50፣ የማርሽ መስቀያው ከተጣመመ 20 ቀንስ፤ 630 ቀረ። ይህን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ምታው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በፊት «እከሌ በዚህ ገዛ» የሚባል የብር ዋጋ ለንጽጽር አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቲታኒየም መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? ማግኔት በቂ ነው?

መልስ፦ ማግኔት ብረቱን ይለይልሃል እንጂ አሉሚኒየሙን አይለይም፤ ቲታኒየምንም አሉሚኒየምንም አይስብም። ክብደትም ብዙ አይረዳም፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ባዶ የቲታኒየም ፍሬም ከ1.3 እስከ 1.7 ኪሎ ስለሚመዝን ከብዙ አሉሚኒየሞች ጋር ይገጥማል። ብየዳውን እይ፤ የቲታኒየሙ ቀጭን፣ እኩል የተደረደረና ብርማ ነው፤ የአሉሚኒየሙ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ነው። ስቲከር አትመን፤ ቀለም ከሌለው ቲታኒየም ላይ በጥፍር ይላጣል፣ ሌላም ይለጠፍበታል።

ጥያቄ፦ ስንጥቅ የት የት ልፈልግ?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ሰዓትህን እዚህ ላይ አጥፋ። ቲታኒየም አይዝግም፣ ድካሙ የሚወጣው በስንጥቅ ነው፤ ስንጥቁም በብዛት የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ፣ ሙቀት ከነካው ቦታ ነው። የፊተኛው ቱቦ ከታችኛው ጋር የሚገናኝበትን ከሥር፣ የኮርቻው ቱቦ ላይ የተሰነጠቀውን ማጥበቂያ ጫፍ፣ በሰንሰለት በኩል ከፔዳል ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ ሁለቱንም ጫፍ፣ ሁለቱን የኋላ ቱቦዎች የምታገናኘዋን ድልድይ፣ የውኃ ኮዳ ብሎኖቹን ዙሪያ ፈትሽ።

በዓይን ካልለየህ ላምባና ጠመኔ ይበቃሃል። ቦታውን በቤንዚን አጽዳ፣ ይድረቅ። ላምባ ቀባና 20 ደቂቃ ተወው። በደረቅ ጨርቅ አጥብቀህ ጥረግና የተፈጨ ጠመኔ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ያሰምራል። ቧጨራ ግን አይስበውም።

ስንጥቅ ካየህ የዋጋ ድርድር የለም፤ ተወው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ የፊት ቱቦው የሚያጠራጥር ፍሬም ለዚያ ቁልቁለት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጎበዝ በያጅ አለ፤ አስበይጄ በርካሽ ብይዘውስ?

መልስ፦ የበያጁ ጉብዝና አይደለም ችግሩ። ቲታኒየም ከ400 ዲግሪ በላይ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይመጥጥና ይሰባበራል። ስለዚህ አርጎን ጋዝ ከውጭም ከቱቦው ውስጥም ሸፍኖት እስኪቀዘቅዝ መቆየት አለበት። ተራ ኤሌክትሮድ ፈጽሞ አይነካውም። ተበይዶ የመጣ ፍሬም ካጋጠመህ ቀለሙን እይ፦ ብርማ ወይም ፈዛዛ የገለባ ቀለም ጥሩ ነው፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ያሳስባል፤ ግራጫና ነጭ ዱቄት የመሰለ ከሆነ ተበላሽቷል። የፔዳሉን ዘንግ አስወጥተህ ውስጡንም በባትሪ እይ፤ ከውጭ በስፖንጅ የተወለወለ ውስጡን አይደብቅም።

ጥያቄ፦ የኮርቻው ምሰሶ አልንቀሳቀስ አለ። ሻጩ «ጠበቅ ብሎ ነው እንጂ ይወጣል» ይላል።

መልስ፦ ይወጣል ካለ አንተ እያየህ ያውጣው። የአሉሚኒየም ምሰሶ ቲታኒየም ውስጥ ያለ ቅባት ለዓመታት ከቆየ፣ ላብና ዝናብ ሲገባበት አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ዝገቱ አብጦ ይነክሰዋል። ቲታኒየሙ ምንም አይሆንም፣ ግን ምሰሶውን በመጋዝ ውስጥ ለውስጥ በርዝመቱ ቆርጦ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መጋዙ ካመለጠ ደግሞ ቱቦው ተነካ። ካልወጣ ከዋጋው ሩቡን ቀንስ። ከወጣ ስትመልሰው የመዳብ ቅባት ቀባው።

ጥያቄ፦ የፔዳሉ ዘንግ ቤትስ ዋጋ ይለውጣል?

መልስ፦ በደንብ። 68 ሚሊ ስፋት ያለው፣ ውስጡ የብሎን ጥርስ ያለው ቤት ከሆነ ዕቃው በቀላሉ ይገኛል። ስትፈታ የቀኙ ጥርስ ግልባጭ መሆኑን አትርሳ፤ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚላላው። ኩሽኔታው ተጭኖ የሚገባበት ጥርስ አልባ ቤት ግን መንጫጫት ይወዳል፣ መንቀያና መጫኛ መሣሪያም ይፈልጋል። ለዚያ 10 በመቶ እቀንሳለሁ። ጥርሱ የተበላ ከሆነ ግን አልገዛም።

ጥያቄ፦ ቧጨራና ጉድጓድስ?

መልስ፦ ቀለም የሌለው ቲታኒየም ላይ ቧጨራ በአረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይጠፋል፤ በብረት ሱፍ ግን አትሽው፣ ብናኙ ይቀርና ይዝጋል። ተመትቶ የገባ ጉድጓድ ሌላ ነው፤ አይቃናም።

ጥያቄ፦ እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ። ፍሬሙ የተጣመመ መሆኑን ያለ መሣሪያ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ፣ ሲባጎ በቂ ነው። የኋላ ጎማው ከሚታሰርባቸው ሁለት ጆሮዎች ከአንዱ አስረሽ በፊተኛው ቱቦ ዙሪያ አሳልፊና ወደ ሌላው ጆሮ መልሺው፣ ወጥሪው። ከዚያ ሲባጎው ከኮርቻው ቱቦ በግራና በቀኝ ያለውን ርቀት ለኪ። ልዩነቱ እስከ 1 ሚሊ ከሆነ አብሽሪ። ከ3 ካለፈ ተመትቷል።

የጎማውንም ክፍተት እዚያው ለኪ። የድሮ የቸርኬ ፍሬን ፍሬሞች ብዙዎቹ ከ25 ሚሊ በላይ ጎማ አይቀበሉም፤ ለኮብልስቶን ቢያንስ 28 ሚሊ ጎማና በየጎኑ 4 ሚሊ ክፍተት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ዋስትና አለው ይባላልና ዋጋ ይጨምራል?

መልስ፦ አብዛኛው ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ ምንም አትጨምር። ይልቅ ከፔዳል ቤቱ ሥር ያለውን የፍሬም ቁጥር ውሉ ላይ አስጽፍ፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዝ። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኘኸው በነጻም ቢሰጥህ አትውሰድ።